ለኮራል አኳሪየም መብራት አመራረጥ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

በጨው ውሃ አኳሪየም ላይ ገንዘብ ከሚበሉት ዕቃዎች ግንባር ቀደሙ መብራት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይለኛ መብራት ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን እስከ ጥግ ማብራት። ብርሃን ያነሰው ኮራል ለወራት ቀስ እያለ ምልክት ያሳያል፤ እስኪያስተካክሉለትም ይጠብቃል። ብርሃን የበዛበት ግን በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጥቶ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የሚበቃውን መግዛት፣ ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ከዚያ በዝግታ ከፍ ማድረግ ነው የሚያዋጣው። ከፍታው፣ ብርዱና የኤሌክትሪኩ መቆራረጥ የሚጨምሯቸው ነገሮችም አሉ፤ እነሱን በየቦታቸው አስገብተናል።

ፓር፣ ዋት፣ ሉመን፣ ኬልቪን

ኮራል እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ግን ዞአዛንቴሌ የሚባሉ ባለአንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ከሚሠሩትም አብዛኛውን ለኮራሉ ያስረክባሉ። ብርሃኑ ሲበዛ አልጌዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይሠሩና ሕዋስን የሚያቃጥል የኦክስጅን ዓይነት ያመነጫሉ፤ ኮራሉም ራሱን ለማዳን አልጌዎቹን ከሥጋው ያስወጣል። መንጣት የሚባለው ይህ ነው። ኮራሉ ወዲያው አልሞተም፤ ቀለቡን የሚያበስልለት ግን የለም።

አልጌው የሚጠቀምበት ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ነው። የዚህ ብርሃን መለኪያ ፓር ይባላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚያርፈው የፎቶን ብዛት ነው፣ በማይክሮሞል። ደመና በሌለበት እኩለ ቀን ከቤት ውጭ 2000 ገደማ ይደርሳል። ዋት ቆጣሪዎ የሚቆጥረውን፣ ሉመን ለሰው ዓይን የሚታየውን፣ ኬልቪን ደግሞ የብርሃኑን ቀለም ይነግርዎታል። ሦስቱም ኮራሉ ጋ ምን ያህል እንደደረሰ አይናገሩም። በተለይ «በሊትር ይህን ያህል ዋት» የሚለው የድሮ ቀመር የፍሎረሰንት ዘመን ነው፤ በኤልኢዲ አይሠራም።

1ኛ፦ ከመብራቱ በፊት ኮራሉን ይወስኑ

ማሽሩም ኮራል ከ30 እስከ 75 ፓር ይበቃዋል። ሌዘር (ቆዳ መሰል) ኮራልና ዞአንተስ፣ እንዲሁም እንደ ሐመር ያሉት ትልልቅ አፍ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች፣ ከ75 እስከ 150 ባለው ደህና ይኖራሉ። አክሮፖራና ሌሎቹ ትንንሽ አፍ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ። በአክሮፖራ ደረጃ ብርሃን ከሰጡ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) በየቀኑ መጠበቅ አለባቸው። ምክንያቱም ብርሃኑ በጨመረ ቁጥር ኮራሉ አጥንቱን በፍጥነት ይሠራል፤ የሚሠራበትን ደግሞ ከውሃው ነው የሚወስደው።

መለዋወጫና መድኃኒት ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በሚመጣበት ከተማ በአክሮፖራ መጀመር አይመከርም። ማሽሩም፣ ሌዘርና ዞአንተስ ይዞ አንድ ዓመት መቆየት፣ ከዚያ ሐመር መጨመር ይሻላል። የሚገዛው መብራት በግማሽ የሚያንሰውም በዚህ ምርጫ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ድንጋይ የሚሠሩት ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ስላሉ ድንበር ሲያቋርጡ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ከጅቡቲ ዳርቻ ቆርጦ በሻንጣ ማምጣት የሚባለው ነገር ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው።

2ኛ፦ መስታወቱንና ቤቱን ይለኩ

ለምሳሌ 90 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 182 ሊትር የሚይዝ መስታወት እንውሰድ። ውሃው ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ጎድሎ ይቆማል፣ አሸዋው 5 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ ከውሃው ፊት እስከ አሸዋው 37 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ አናት ላይ የሚቀመጥ ኮራል ስለዚህ 22 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ለመብራት ምርጫ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ 22 እና 37። የመስታወቱ ጠቅላላ ቁመት አይደለም።

ቀጥሎ ቤቱን ይዩ። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አኳሪየም አይቀመጥም። የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ደግሞ መቀነሻ የለዎትም፤ መስታወቱ ጎን ላይ አረንጓዴ ነገር እየለጠፈ ያስቸግራል። በአንጻሩ በክረምት የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈንና ሳሎኑ ሲጨልም «ዛሬ ትንሽ ልጨምርላቸው» ማለት አያስፈልግም። ኮራሉ የሚኖረው በመብራቱ እንጂ በሳሎኑ ብርሃን አይደለም።

ግድግዳውንና ኮርኒሱንም ይፈትሹ። ጭቃ ግድግዳ ላይ የተመታ ፊሸር 4 ኪሎ መብራት ውሃ ላይ አንጠልጥሎ ለመቆየት አይታመንም፤ የቺፑድ ኮርኒስም እንዲሁ። በእንደዚህ ያለ ቤት መብራቱ ከአኳሪየሙ ማስቀመጫ ጋር በተያያዘ ክንድ ላይ መቆም አለበት።

3ኛ፦ የመብራቱን ዓይነት ይምረጡ

ሜታል ሃላይድን ከወዲሁ ይተዉት። 150 ወይም 250 ዋት ይበላል፣ ውሃውን ያሞቃል። ደሴ ብርዳማ ስለሆነች «ሙቀቱ ይጠቅመኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አይጠቅምም። ቀን ያሞቀውን ሌሊት የቤቱ ብርድ ይወስደዋል፤ ኮራል ደግሞ ከብርዱ ይልቅ መዋዠቁን ይጠላል። ውሃው ቀንም ሌሊትም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ እንዲሆን የሚያደርገው በቴርሞስታት የሚሠራ ማሞቂያ ነው። ከላይ ላለው መስታወት በደሴ ቤት ሁለት ባለ 150 ዋት ማሞቂያ ይበቃል። ሁለት የሆነበት ምክንያት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሌሊቱን እንዲያሻግር ነው።

ቲ5 ፍሎረሰንት ብርሃኑን እኩል ያሰራጫል፣ ጥላ አይፈጥርም፤ በዚህ በኩል እስከ ዛሬ የሚወደድ መብራት ነው። 24 ዋቱ 55፣ 39 ዋቱ 85፣ 54 ዋቱ 115 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ችግሩ አምፖሉ ከ9 እስከ 12 ወር ሲያገለግል፣ ለዓይን ደህና እየበራ እንኳ፣ ለኮራል የሚሆነው ብርሃን ቀንሶ ቀለሙም ስለሚለወጥ መቀየር አለበት። ለኮራል የሚሆነው ሰማያዊ ቲ5 በፒያሳ የኤሌክትሪክ ሱቅ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። የሚያመጣልዎ ሰው ከሌለ አይግቡበት።

የሚቀረው ኤልኢዲ ነው፤ በሦስት መንገድ ይገኛል።

አንደኛው ለኮራል ተብሎ የተሠራ ታዋቂ ምርት ነው። ኤአይ ፕራይም 60 ዋት ገደማ፣ ኬሲል ኤ360ኤክስ 90 ዋት ይስባሉ። ውድ ናቸው፤ ነገር ግን የቀለም መጠናቸው በየክፍሉ ይስተካከላል፣ ሰዓታቸውም አብሯቸው ነው። ለ90 ሴንቲ ሜትር መስታወት አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ መግዛት ይሻላል። ጥላው ይቀንሳል፤ አንዱ ቢቃጠል ምትኩ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ እስኪመጣ ሌላው ያቆይዎታል።

ሁለተኛው በቻይና የሚሠራው፣ ጥቁር ሳጥን የሚባለው ነው። 55 ኤልኢዲ በ3 ዋት ተባዝቶ «165 ዋት» ይጻፍበታል፤ እያንዳንዱ አምፖል ግን ከ3 ዋት በታች ስለሚነዳ ከሶኬቱ የሚስበው ከተጻፈው በጣም ያንሳል። ይህ ማጭበርበር ቢመስልም ለእርስዎ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው መስታወት ሳጥኑ አሁንም ከበቂ በላይ ነው። ሲገዙ የሰማያዊውና የነጩ መቆጣጠሪያ ለየብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለቱ በአንድ ቁልፍ ከሆኑ አይግዙት።

ሦስተኛው ርካሹ መንገድ ፓውዛ ነው። ባለ 50 ዋት ነጭ ፓውዛ፣ 6500 ኬልቪን የተጻፈበት፣ ከአንድ ባለ 50 ዋት ሰማያዊ ፓውዛ ጋር ተጣምሮ ለማሽሩምና ለሌዘር ኮራል ይሆናል። የጎደለው ነገር መቀነሻ ነው፤ ስለዚህ መጠኑን በከፍታ ነው የሚቆጣጠሩት፦ በ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይጀምሩና በየሁለት ሳምንቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያውርዱ። በዚህ መንገድ ኮራል ይኖራል፣ ያድጋልም፤ ያ በፎቶ የሚታየው የሚያበራ አረንጓዴና ብርቱካናማ ቀለም ግን አይጠበቅም። ለአትክልት የሚሸጠውን ሐምራዊ መብራት ከዚህ ጋር እንዳያምታቱት። ቀዩ ብርሃን የበዛበት ስለሆነ ከኮራሉ ይልቅ ድንጋዩ ላይ የሚለጠፈውን አልጌ ነው የሚቀልበው።

4ኛ፦ ቀለሙ

ውሃ ቀይን ቶሎ ይውጣል፣ ሰማያዊን አሳልፎ ያወርዳል። የኮራል አልጌዎችም ለዚያ የተመቹ ናቸው፤ በደንብ የሚጠቀሙት ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለውን ነው። ስለዚህ ከመብራቱ ጉልበት አብዛኛው 450 ናኖሜትር አካባቢ ካለው ሰማያዊ መምጣት አለበት፤ ነጩ የሚገባው ዓይን እንዲያየውና የጎደለውን እንዲሞላ ነው። መነሻ እንዲሆንዎ ሰማያዊው 40 በመቶ ላይ ከሆነ ነጩን 15 በመቶ ላይ ያድርጉት። ከ420 ናኖሜትር በታች ያለው ቫዮሌት ቀለም ያሳምራል እንጂ ለጀማሪ መግዣ ምክንያት አይሆንም።

በዚህ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ለዓይን ደብዛዛ ነው። መስታወቱ የጨለመ ይመስልና እጅ ወደ መቆጣጠሪያው ይሄዳል። ኮራል ያለቀበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ታሪኩ ይኸው ነው። የስልክ የሉክስ መለኪያም ያው የሰውን ዓይን ስለሚከተል በሰማያዊ መብራት ሥር ያሳንሳል። ለፀሐይ ብርሃን ሉክሱን ለ54 ማካፈል ወደ ፓር ያስጠጋል፤ ሰማያዊ ለበዛበት ኤልኢዲ ግን ይህን ስሌት አይጠቀሙ። ውሃ ውስጥ የሚገባ የፓር መለኪያ የሚያውሱት ሰው ካገኙ አንድ ከሰዓት ይበቃል፤ ድንጋዩ አናት ላይ፣ መካከሉ ላይና አሸዋው ላይ ለክተው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ የለኩበትን በመቶኛም ጎኑ ይጻፉ።

5ኛ፦ ከመክፈልዎ በፊት የኤሌክትሪኩን ነገር ይፈትሹ

የአዳፕተሩ ወይም የድራይቨሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። «100–240 ቮ፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ ቮልቴጅ ሲወርድ ይታገሣል። «220–240» ብቻ ከሆነ ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ሊብለጨለጭ ይችላል። ቀጥሎ በቻይና አዳፕተሮች ላይ የምትታተም የተራራ ሥዕል ይፈልጉ፣ ሥሯ «≤2000 ሜ» ተብሎ የተጻፈባት። ይህ ማለት በውስጡ ባሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው የአየር ክፍተት እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ተብሎ የተመጠነ ነው፤ አየር ሲሳሳ በዚያው ክፍተት ብልጭታ መዝለል ይቀልለዋል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ምልክቱ አያሳስብም። ደሴ ግን 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 5000 ሜትር ድረስ የተፈቀደ አዳፕተር ካገኙ እሱን ይምረጡ።

የሳሳ አየር ሙቀት የማንሳት አቅሙም ያንሳል። በደሴ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በፋን የሚቀዘቅዝ መብራት በካታሎጉ ከተጻፈው በላይ ይሞቃል። ደሴ ላይ የቤቱ ብርድ ያካክሰዋል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን አየሩም ቤቱም ይሞቃል፤ እዚያ መብራቱን ከ70 በመቶ በላይ አለማሠራት፣ ከላይ የሚከድን ነገር አለማድረግ፣ ፋኑም በማንኛውም የኮምፒውተር ጥገና ቤት በሚገኝ ባለ 12 ቮልት ፋን የሚተካ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ሻጩ ፊት ሦስት ነገር ያድርጉ። መብራቱን 20 ደቂቃ ሙሉ ኃይሉ ላይ አብርተው ጀርባውን በእጅ ይንኩ፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ይተዉት። እያንዳንዱ አምፖል መብራቱን ለማየት መቀነሻውን 1 በመቶ ላይ አድርገው በጥቁር መነጽር ይመልከቱ፤ በባዶ ዓይን አፍጥጠው አይዩ፣ ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ይጎዳል። በመጨረሻ ሰዓቱን ሞልተው ስፒናውን ይንቀሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሱና ይሰኩት። ሰዓቱ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ወይም መብራቱ በራሱ ሙሉ ኃይሉ ላይ ከተነሣ፣ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ኮራሉን ያቃጥልብዎታል።

ከዱባይ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስፒና አለው። በላላ መለወጫ ከመሰካት ስፒናውን ቆርጦ ኧርዝ ባለው ክብ ስፒና ማስቀየር ይሻላል፤ የላላ መለወጫ ይሞቃል፣ የጨው እርጥበት ሲያገኘው ይቀልጣል። አኳሪየሙ የሚሰካበት መስመር ከምጣዱ መስመር የተለየ ይሁን። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በተነሣና በጠፋ ቁጥር መስመሩን ያናውጠዋል። በመስመሩ ላይ 30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ ሲያገኝ የሚቆርጥ ብሬከር ያስገጥሙ፤ ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ እጅዎም በየሳምንቱ እዚያ ውሃ ውስጥ ይገባል። ስታቢላይዘር ሲገዙ ደግሞ ኤሌክትሪክ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ይሁን። መሣሪያ የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ ነው።

ወጪውን ለማወቅ ይህን ይበሉ፦ 100 ዋት በቀን 9 ሰዓት ሲበራ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በወር 27። በወሩ ታሪፍ ማባዛት ብቻ ነው የቀረው። ማሞቂያው ከዚህ ሊበልጥ እንደሚችልም ይገመት፣ በተለይ በደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች።

6ኛ፦ አሰቃቀል

ክንዱን በ20 በ20 ሚሊ ቱቦላሬ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ አንቲ ረስት፣ በላዩ ዘይት ቀለም። ያልተቀባ ብረት የጨው ውሃ በላዩ ላይ እየተረጨ ብዙ አይቆይም፤ ዝገቱ ደግሞ ውሃው ውስጥ ይንጠባጠባል። አልሙኒየም ከተገኘ ይመረጣል። ብሎኑ የማይዝግ ብረት ይሁን።

ከፍታው በሌንሱ ማዕዘን ይወሰናል። ባለ 90 ዲግሪ ሌንስ ከተሰቀለበት ከፍታ ሁለት እጥፍ የሚሆን ስፋት ይሸፍናል፤ በ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 50 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ባለ 120 ዲግሪው በዚያው ከፍታ 87 ይሸፍናል፣ ትርፉ ከመስታወቱ ውጭ ወደ ሶፋው ይፈስሳል። ባለ 60 ዲግሪው 29 ብቻ ይሸፍንና መካከሉን ያቃጥላል። ለምሳሌያችን ሁለት ባለ 90 ዲግሪ መብራት፣ እያንዳንዳቸው ከመስታወቱ ጫፍ 22 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው፣ በ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሰቀሉ። ጥቁር ሳጥን ከሆነ አንዱን መካከል ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ይስቀሉ፤ ሁለቱ ዳር የሚደበዝዝ ቦታ የማሽሩም ቦታ ይሆናል።

ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ወርዶ መታጠፍ አለበት። ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን መሬት ላይ ወይም ማስቀመጫው ውስጥ ካለ የማጣሪያ ውሃ ሳጥን ጎን አያስቀምጡ፤ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገው ይቸንክሩት።

7ኛ፦ ሰዓቱን ይሙሉ

መብራቶቹ የሚሠሩት በአውሮፓ ሰዓት ነው፤ የእኛ 6 ሰዓት ቀን 12፡00፣ 2 ሰዓት ማታ 20፡00 ተብሎ ይሞላል። ለለስላሳ ኮራል ጥሩ ፕሮግራም ይህ ነው፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሰማያዊው ብቻ ከ5 በመቶ ይነሣል፤ 6 ሰዓት ላይ ነጩም ሰማያዊውም ወደታሰበው መጠን ይደርሳሉ፤ እስከ 11 ሰዓት ይቆያሉ፤ ከዚያ እየቀነሱ 2 ሰዓት ማታ ላይ ይጠፋሉ። ሙሉ ብርሃኑ 5 ሰዓት፣ ጠቅላላው 10 ሰዓት ነው። ማታ ከሥራ ገብቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁሉንም በሁለት ሰዓት ያዘገየዋል። ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ ያስፈልጋል፤ «የጨረቃ ብርሃን» የምትለዋን ቁልፍ ሳይነኳት ቢቀሩ ኮራሉ ምንም አይጎድልበትም።

ብርሃንና ሰዓት ይመነዛዘራሉ። የቀኑን ድምር ለማግኘት ፓሩን በሰዓቱ፣ ውጤቱን በ0.0036 ያባዙ። 100 ፓር ለ10 ሰዓት 3.6 ሞል ይሰጣል፤ 150 ፓር ለ8 ሰዓት 4.3። ኤሌክትሪክ ከሰዓት በኋላ አዘውትሮ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆኑ ፕሮግራሙን ወደ ጠዋት ያምጡት እንጂ ኃይሉን አይጨምሩ።

ፓውዛ የሚጠቀሙ ሰዎች ታይመር ያስፈልጋቸዋል። በጥርስ የሚዞረው ርካሽ ታይመር ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ በሳምንት 6 ሰዓት ከጠፋ መብራትዎ በሳምንቱ መጨረሻ በ6 ሰዓት ዘግይቶ ይበራል፣ እኩለ ሌሊትም ይነጋል። ውስጡ ባትሪ ያለበትን ዲጂታል ታይመር ይግዙ።

8ኛ፦ ማላመድ

አዲስ አኳሪየም ድንጋዩ ባክቴሪያ እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ መብራቱ ጠፍቶ ይቆይ። ኮራል የሌለበት ብርሃን የሚያሳድገው አልጌ ብቻ ነው። ኮራሉ ሲገባ አሸዋው ላይ ያስቀምጡት፣ መብራቱን ካሰቡት መጠን ግማሽ ላይ ያድርጉ፣ በየሳምንቱ 5 በመቶ ብቻ ይጨምሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ድንጋዩ ያውጡት። ኮራልን ከፍ ማድረግም ብርሃን መጨመር ስለሆነ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አያድርጉ።

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ

ኮራል አንድና ሁለት ቀን ያለ መብራት ቢቆይ ምንም አይሆንም። የሚገድለው የውሃው መቆም ነው። ብርሃን በሌለበት አልጌው ኦክስጅን መሥራቱን ያቆማል፣ መተንፈሱን ግን ይቀጥላል፤ በደሴ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ባትሪና ኢንቨርተር ሲገዛ ለፓምፑ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ እስከ ግማሹ ቢጠቀሙበት 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል። 100 ዋት መብራት ከ6 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ 10 ዋት ፓምፕ ኢንቨርተሩ ራሱ ከሚበላው 10 ዋት ጋር 30 ሰዓት ይሄዳል።

ኤሌክትሪኩ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ጠፍቶ ከተመለሰ መብራቱን ከነበረበት በሲሶ ቀንሰው ያስነሡና በሳምንት ውስጥ ይመልሱት።

ኮራሉ የሚናገረውን ማንበብ

ብርሃን የበዛበት ኮራል ቀለሙ ከላይ ጀምሮ ይገረጣል፣ ሥጋው ይሸበሸባል፣ ቀን ቀን አይከፈትም። ማሽሩም ጥላ ፍለጋ ከድንጋዩ ተላቅቆ ይሄዳል። ይህን ሲያዩ በዕለቱ 20 በመቶ ይቀንሱ ወይም ኮራሉን ወደ አሸዋው ያውርዱ፤ ሁለት ሳምንት ሳይነኩ ይጠብቁ። ያነሰበት ኮራል ወደ ቡናማ ያደላል፤ ዞአንተስ አንገቱን ያስረዝማል፣ ሌዘር ወደ ብርሃኑ ይዘነበላል። እዚህ ላይ በሳምንት 5 በመቶ እየጨመሩ መሄድ ነው።

ገርጥቶ ሳለ ብርሃኑ በቂ ሆኖ ከተገኘ ውሃውን ይለኩ። ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ኮራል በመካከለኛ ብርሃንም ይገረጣል፤ ናይትሬቱ ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌቱ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ደህና ነው። ጨውነቱንም ይለኩ፤ 35 ግራም በኪሎ መሆን አለበት፣ ያም በአኳሪየም ጨው። የአፍዴራ ጨው ለወጥ እንጂ ለኮራል አይሆንም፤ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ በባሕር ውሃ ልክ የለበትም። ድንገት የመጣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ የመብራት ጥፋት ተደርጎ ይወሰዳል። መብራቱን ከመቀነስ በፊት የሚጨምሩት ውሃ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ እንዳልሆነ ያረጋግጡ።

እንክብካቤ

ከፓምፑ የሚረጨው ጨው ሌንሱ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ ብርሃኑንም ሳይታወቅ ይቀንሳል። በየሳምንቱ መብራቱን አጥፍተው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ በተጣራ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ አልኮልና በረኪና ፕላስቲኩን ያደበዝዙታል። ለወራት ያልተጠረገ ሌንስ በአንድ ቀን ሲጸዳ ኮራሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በድንገት ይጨምራል፤ በዚያ ቀን 10 በመቶ ይቀንሱ። ፋኑን በየሦስት ወሩ በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ። በኮምቦልቻ በጋ ውሃው ከ27 ዲግሪ ካለፈ ትንሽ ፋን በውሃው ፊት ላይ አግድም ያንፉበት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ያወርዳል፤ የተነነውን የሚተኩት ግን ጨው በሌለበት የተጣራ ውሃ ነው፣ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለምና።